ለ83 ገጽ 1,150 ፓውንድ፦ የገጠር ድንጋይ ቤት ከመግዛታችን በፊት ያሠራነው ሌቭል 3 ሰርቬይ

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጓደኞቼ «ያ ቤታችሁን ያየላችሁ ሰርቬየር እንዴት ነበር፣ ያን ያህል ብር ያወጣል?» ብለው ጠየቁኝና ለአንዷ በቮይስ 11 ደቂቃ አውርቼ ግማሹንም ሳልነግራት ስለደከመኝ እዚህ ልጻፈው አልኩ። የሰውየውን ስም አልጠራም፣ የሚሠራው እኛ አካባቢ ብቻ ስለሆነ ለንደንና ብሪስቶል ላላችሁት ምንም አይጠቅማችሁም፣ የሚጠቅማችሁ አገልግሎቱ ራሱ፣ ማለትም ቤት ከመግዛት በፊት ባለሙያ መጥቶ የሚያደርገው ምርመራ፣ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ ማወቁ ነው። ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እኛ ሼፊልድ 12 ዓመት ኖረናል፣ ባለቤቴ ገጠር ያደገ ሰው ስለሆነ የጎረቤት ቲቪ በግድግዳ እየሰማ መኖር ሰልችቶታል፣ እኔ ደሞ ትንሽ ጓሮ ትንሽ ጸጥታ እፈልግ ነበር። ዓመት ሙሉ ደርቢሻየር ውስጥ በቤክዌል ዙሪያ ያሉ መንደሮችን ቅዳሜ ቅዳሜ ስንዞር ከረምንና በ2024 መስከረም ላይ አንዱን አገኘን። ግድግዳው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ማዕዘኖቹና የመስኮቶቹ ዙሪያ ጠቆር ያለ ግሪትስቶን የሚሉት አሸዋማ ድንጋይ፣ ጣራው ደሞ ቆርቆሮ የለ ሸክላ የለ እሱም ድንጋይ፣ ከታች ትልልቅ ሆኖ ወደላይ እያነሰ የሚሄድ ጠፍጣፋ ድንጋይ። የኤጀንቱ (የሻጭ ደላላው) ወረቀት በ1790ዎቹ ገደማ የተሠራ ይላል። የጠየቁት 365,000 ፓውንድ። ስንገባ ሳሎን ውስጥ ምድጃው ይነዳል፣ ቤቱ ዳቦ ዳቦ ይሸታል፣ እኔ በቃ እዚያው አለቀልኝ። (ፀሐይ በወጣበት የመስከረም ቀን ምድጃ የሚያነድ ሰው ለምን እንደሚያነድ የገባኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው።)

ኦፈራችን በ358,000 ተቀባይነት አገኘ። ባለቤቴ «ድንጋይ እኮ ነው፣ 200 ዓመት የቆመ ቤት እኛ ስንገባ ነው የሚወድቀው?» አለ፣ እኔም እውነቱን ለመናገር ግማሽ ልቤ እሱ ጋ ነበር። ከዛ ማታ ጎንደር አባዬ ጋ ደወልኩ።

«ቤቱን ማን አየላችሁ?» አለኝ።

«ባንኩ ሰው ይልካል አባዬ።»

«እሱማ ለባንኩ ነው የሚያይ። ለናንተስ ማን አየላችሁ?»

እኔ የማስተርስ ዲግሪ አለኝ፣ ይህንን ግን አላሰብኩትም። የሞርጌጅ ቫሉዌሽን የሚባለው ባንኩ «ብሩን ባይመልሱልኝ ቤቱን ሸጬ ገንዘቤን አገኛለሁ ወይ» ብሎ ለራሱ የሚያስደርገው ነው። ባንኩ የላከው ሰው ቤቱ ውስጥ የቆየው 20 ደቂቃ ነው፣ አንዳንዱ ጭራሽ ሳይሄድ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ነው ዋጋ የሚጽፈው። ክፍያው ካንተ ኪስ ይውጣ እንጂ ሥራው ላንተ አይደለም።

ለገዢ የሚሠራው ሰርቬይ ነው። ሪክስ (አር.አይ.ሲ.ኤስ) የሚባለው ከ1868 ጀምሮ ያለ የሰርቬየሮች ማኅበር አገልግሎቱን በሦስት ከፍሎታል፣ ሌቭል 1፣ ሌቭል 2፣ ሌቭል 3። ሌቭል 1 እንርሳው። ሌቭል 2 ድሮ ሆምባየር ሪፖርት ይሉት የነበረው ነው፣ ለአዲስና ለተለመደ ቤት ጥሩ ነው፣ ችግሩን ይነግርሃል። ሌቭል 3 ግን ችግሩን ብቻ ሳይሆን ከምን እንደመጣ፣ ቢተው ምን እንደሚሆንና እንዴት እንደሚጠገን ይጽፍልሃል፣ ለአሮጌ፣ ተጨማሪ ክፍል ለተቀጠለበት፣ ለየት ባለ ነገር ለተሠራ ቤት የሚመከረውም እሱ ነው። (ስኮትላንድ ያላችሁ የናንተ ሌላ ነው፣ እዚያ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ሻጩ ራሱ ሆም ሪፖርት አሠርቶ ነው ቤቱን ገበያ የሚያወጣው።) የኛ ኤጀንት «ሌቭል 2 ይበቃችኋል፣ እኛ ጋ የሚሠራ ሰው አለ፣ 480 ፓውንድ፣ በዚሁ ሳምንት ይመጣል» አለን። ደላላ ያመጣውን መርማሪ ደሞ እኛ አገርም ቢሆን ማንም አያምንም መቼም፣ እዚህ ስለሆነ ለምን ላምን?

አራት ሰው ጋ ደወልኩ። ሦስቱ የጠየቁኝ ፖስትኮድ፣ ዋጋ፣ ስንት መኝታ ቤት፣ በቃ። አራተኛው ሽማግሌ ድምፅ ያለው ሰውዬ ነው፣ «ግድግዳው ከውጭ ልስን አለው? በድንጋዮቹ መሀል ያለው ሙሌት፣ ፖይንቲንጉ፣ ግራጫና ጠንካራ ነው ወይስ ነጣ ያለና ለስላሳ? ከኋላ በኩል መሬቱ ከቤቱ ወለል ከፍ ይላል?» እያለ ሲጠይቀኝ እኔ ከወደድኩት ቤት አንዱንም እንዳላየሁ ነው የገባኝ። ዋጋው ታክሱን ጨምሮ 1,150። ባለቤቴ ዝም ብሎ አየኝ። እሱ ዝም ብሎ ሲያይ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እና የመጀመሪያው ምክሬ እዚህ ላይ ነው፣ ሌቭሉን ሳይሆን ሰውየውን ምረጡ። ሌቭል 3 ብሎ የሚሸጥላችሁ ሁሉ ድሮ ቤት ያውቃል ማለት አይደለም፣ ዘመኑን ሙሉ አዲስ የጡብ ቤት ሲያይ የኖረ ሰውም ሌቭል 3 ይጽፋል። «ባለፈው ወር ስንት የድንጋይ ቤት አየህ?» በሉት፣ «ስለ ኖራ ምን ትላለህ?» በሉት፣ መልሱ ቶሎ ካልመጣ አመስግናችሁ ዝጉ።

የጥቅምት መጨረሻ ላይ መጣ። ሥራውን ሲሠራ ከኋላው ኩስ ኩስ እንድትሉ አይፈልግም፣ ግን በመጨረሻው አንድ ሰዓት መጥተሽ ማየት ትችያለሽ ስላለኝ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ፣ እኔ ቀድሜ ስለደረስኩ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነው ያየሁት። በካፊያ ውስጥ ሰዓት ተኩል ሙሉ ቤቱን ከውጭ ብቻ ዞረ። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ በባይኖኩላር ጣራውን ያያል፣ ረጅም ዘንግ ላይ ካሜራ አስሮ ጭስ ማውጫውን ያነሳል፣ አሸንዳው የሚያንጠባጥብበት ቦታ ሄዶ መሬቱን በእግሩ ይጫናል። እንደውም በዝናብ ቀን በመምጣቱ ደስ ብሎት ነበር፣ «ቤት የሚናገረው ሲዘንብ ነው» ዓይነት ነገር አለኝ።

ከዛ ጠራኝና የጎኑን ግድግዳ አሳየኝ። መሀሉ ወደ ውጭ ሆድ አውጥቷል። እኔ ሦስቴ መጥቼ አላየሁትም! የእንደዚህ ዓይነት ግድግዳ ውስጡ እንዴት እንደሆነ አስረዳኝ፣ አንድ ወፍራም ግድግዳ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው፣ የውጭ የድንጋይ ረድፍና የውስጥ የድንጋይ ረድፍ፣ መሀሉ ላይ ጠጠርና ፍርስራሽና ኖራ የተሞላበት፣ ሁለቱን የሚያስራቸው ደግሞ አልፎ አልፎ ከውጭ እስከ ውስጥ የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ ነው። ማሰሪያው ከጎደለ ወይም ውሃ ገብቶ መሀሉን ካጠበው የውጩ ረድፍ ይለይና ሆድ ይሆናል። ላዩ ላይ የኤስ ቅርጽ ያለው ብረት ተለጥፏል፣ እኔ ጌጥ መስሎኝ ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ሁሉ ልኬላታለሁ፣ ለካ ግድግዳው እንዳይሄድ ድሮ በብረት ዘንግ ከወለሉ እንጨት ጋ ያሰሩበት ነው። «ይሄ የቆየ እንቅስቃሴ ነው፣ ስንጥቆቹ ጫፋቸው ያረጀ ነው፣ አዲስ የተከፈተ አላየሁም» አለኝ። ልቤ ተመለሰች።

የኖራው ነገር ግን ትንሽ ልቆይበት። ይህንን ቤት የሠሩት ሰዎች ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነው። ኖራ ውሃ ያስገባል ውሃ ያስወጣል፣ ዝናብ ይጠጣል ነፋስ ሲመጣ ይደርቃል። ከዛ በ1970ዎቹ ይሁን በ80ዎቹ አንዱ መጥቶ የድሮውን ኖራ ቧጦ በሲሚንቶ ሞላው። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስ በጠርዙ በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይከፈታል፣ በሱ በኩል ውሃ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም፣ ስለዚህ ወይ በራሱ በድንጋዩ በኩል ይወጣና በክረምት ሲበርድ ድንጋዩን እየላጠው ይሄዳል ወይ ወደ ውስጥ ወደ ሳሎኔ ይመጣል። ሰውየው ይህን ሲነግረኝ ሳቄ መጣ። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ! የፋሲል ግንብ ጥላ ሥር ነው ያደግኩት፣ ግንቡ በኖራ እንደተሠራ፣ ጣልያኖች በወረራው ጊዜ ሲጠግኑት ሲሚንቶና ኮንክሪት እንደከተቱበትና በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራ እንደተመለሱ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ነገር ነው፣ ግን ኖራ ለምን እንደሚሻል ያስረዳኝ አንድ የደርቢሻየር ሽማግሌ ነው፣ በካፊያ ውስጥ ቆሞ።

ውስጥ የሠራው ብዙ ነው፣ ሁሉንም አልዘረዝርም። ጣሪያው ሥር ገብቶ እንጨቱን በጩቤ እየወጋ ነቀዝ የበላውን ካልበላው ለየ (የቆዩ ቀዳዳዎች አሉ፣ አዲስ ዱቄት ግን የለም)። የእርጥበት መለኪያዋን ግድግዳው ላይ ሲያሳርፋት ጮኸች፣ እኔ ደነገጥኩ፣ እሱ ግን «ይቺ የተሠራችው ለእንጨት ነው፣ የምትለካው ኤሌክትሪክ ነው፣ አሮጌ ድንጋይ ውስጥ ጨው ስላለ ደረቅ ሆኖም ትጮሃለች» ብሎ ምልክት ብቻ አድርጎ አለፈ። ወጥ ቤት ስንገባ ብዙ ታበስላላችሁ ወይ አለኝ፣ ወጥ ሦስት ሰዓት እንደሚንተከተክ ስነግረው ዓይኑ ፈጠጠ፣ ጭስና እንፋሎት የሚስብ ማሽን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ካልተገጠመ በሁለት ክረምት ጥጉ ሁሉ ሻጋታ ይሆናል አለኝ። ይሄ ሪፖርቱ ላይ አልተጻፈም፣ ግን ከተጻፈው ብዙ ነገር በላይ ጠቀመኝ። በጠቅላላው አራት ሰዓት ተኩል።

ሪፖርቱ ከስምንት የሥራ ቀን በኋላ በኢሜይል መጣ፣ 83 ገጽ። አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

እያንዳንዱ ነገር ቁጥርና ቀለም አለው። 1 አረንጓዴ ደህና ነው፣ 2 ብርቱካን ይጠገን ግን አይቸኩልም፣ 3 ቀይ ከባድ ነው ወይ ባስቸኳይ ይጠገን ወይ ይመርመር፣ አልታየም የሚል ደሞ ለብቻው አለ። እኛ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብለን ስናየው ዘጠኝ ቀይ ቆጠርን። ባለቤቴ አራተኛው ቀይ ላይ ላፕቶፑን ዘጋው። «ይቅርብን፣ የእቁብ ብር ሳይቀር አጠራቅመን ፍርስራሽ ልንገዛ ነው» አለ። እኔም አላንቀላፋሁም ያን ሌሊት።

ችግሩ ምንድነው፣ ቀለሙ የሚናገረው ስለ አጣዳፊነቱ ነው እንጂ ስለ ዋጋው አይደለም፣ ይሄንን ማንም አልነገረን። መብራቱ ቀይ ነው፣ ለምን? በቅርብ የተመረመረበት ሰርተፊኬት ስላልቀረበ። የኬሮሲን ቦይለሩ ቀይ ነው፣ ሰርቪስ የተደረገበት ወረቀት ስለሌለ። ጭስ ማውጫው ቀይ፣ መቼ እንደተጠረገ ስለማይታወቅ። እነዚህ ሦስቱ ተደምረው አንድ ሺህም አልፈጁብንም። ከኋላ በኩል ያለው የጣራ ክንፍ ደሞ ብርቱካን ነው፣ 2 ቁጥር፣ ምክንያቱም ዛሬ አያፈስም፣ ግን የድንጋዮቹ ሚስማሮች ዝገው እያለቁ ስለሆነ በጥቂት ዓመት ውስጥ መውረድና ተመልሶ መደርደር አለበት፣ ያቺ ብርቱካን 19,000 ፓውንድ ነች!! ዋጋ ግምት በራሱ ሪፖርቱ ውስጥ የለም፣ ከፈለጋችሁ ተጨማሪ ነው የሚከፈለው፣ ሳታዙት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሌላው ያናደደኝ «ስፔሻሊስት እንዲያየው እንመክራለን» የሚለው ነገር። 14 ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ኤሌክትሪሺያን ይየው፣ የፍሳሽ ሰው ካሜራ ያስገባ፣ ኢንጂነር ይየው፣ ... እና አንተስ? 1,150 የከፈልኩህ ለምንድነው? ደሞ ከ83ቱ ገጽ ቢያንስ ሠላሳው ለማንኛውም ቤት የሚለጠፍ ጽሑፍ ነው፣ ስለ አስቤስቶስ (1999 ላይ የታገደ ነው፣ እሺ ገባን) ምናምን። እንደዚህ የሚጽፉት በኋላ እንዳይከሰሱ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ቤት ገዢ ሌሊት ላይ ሲያነበው ሞት የተፈረደበት ነው የሚመስለው።

በማግስቱ ደወልኩለት። ሪፖርቱን ካነበባችሁ በኋላ በስልክ ማስረዳት ክፍያው ውስጥ አለ፣ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም አለኝ። 40 ደቂቃ አወራን፣ እና እውነቴን ነው የምላችሁ የ1,150ው ዋጋ ያለው እዚያች 40 ደቂቃ ውስጥ ነው። «ግዢ» ወይ «አትግዢ» አይልም፣ አይወጣውም ከአፉ፣ ሦስት ጊዜ በዘዴ ሞክሬዋለሁ። ግን «ከዘጠኙ ቀይ ውስጥ አንተን እንቅልፍ የሚነሳህ የቱ ነው?» ስለው ከቀዩ አንድ ከብርቱካኑ ሁለት አወጣልኝ፦ የፍሳሹ ሴፕቲክ ታንክ፣ የኋላው ጣራ፣ እና ከኋላ በኩል ከወለሉ በላይ የተከመረው አፈር። «ሌላው አሮጌ ቤት መኖር ማለት ነው» አለ። በስልክ የሚለውንና በወረቀት የሚጽፈውን ስታስተያዩት ሁለት የተለያየ ሰው ነው። በወረቀቱ ጠበቃ አጠገቡ ቁጭ ያለ ይመስላል፣ በስልክ ሰው ነው።

መሀል ላይ አንድ ስህተት ልንሠራ ነበር። ሪፖርቱ ላይ እርጥበት አለ ስለተባለ ኤጀንቱ «ነጻ የዳምፕ ሰርቬይ» (የእርጥበት ምርመራ) የሚሰጥ ድርጅት ላከልን። ከድርጅቱ አንድ ልጅ መጣ፣ ያችኑ መለኪያ ግድግዳ ላይ አስጮሀት፣ 25 ደቂቃ፣ ከዛ ግድግዳውን በስቶ ኬሚካል ለመክተትና ውስጡን ውሃ በማያስገባ ልስን ለመሸፈን 6,400 ፓውንድ የሚል ወረቀት። ነጻ ምርመራ የሚሰጥህ መድኃኒቱን የሚሸጠው ሰው ሲሆን ጤነኛ ሆኖ የሚወጣ የለም። ለሽማግሌው ስነግረው መሀሉ ፍርስራሽ የሆነ ግድግዳ ውስጥ ኬሚካሉ የት እንደሚሄድ ማን ያውቃል አለ፣ አፈሩን አንሱ፣ አሸንዳውን አስተካክሉ፣ ሲሚንቶውን አውጥታችሁ በኖራ ሙሉት፣ ከዛ ዓመት ጠብቁ። ድሮ ቤት ላይ ምክር ከፈለጋችሁ ደሞ ስፓብ የሚባል በ1877 እነ ዊሊያም ሞሪስ ያቋቋሙት የጥንት ሕንፃ ተከራካሪ ማኅበር አለ፣ በስልክ በነጻ ምክር ይሰጣሉ፣ እኔም ደውዬ ያንኑ ነው ያሉኝ።

ሴፕቲክ ታንኩን በተመለከተ፣ ገጠር ለምትገዙ ሁሉ ይሄ ወርቅ ነው። ብዙ መንደር ውስጥ የከተማ ፍሳሽ መስመር የለም፣ የቤቱ ፍሳሽ ጓሮ የተቀበረ ታንክ ውስጥ ነው የሚሄደው። ሰርቬየሩ ክዳኑን አንስቶ አይቶ የሚወጣው ቧንቧ ወደ ጅረቱ አቅጣጫ ነው የሚሄደው፣ ይጣራ ብሎ ጻፈ። ካሜራ የሚያስገባ ሰው አመጣን፣ እውነትም ቀጥታ ጅረት ውስጥ። እንግሊዝ ውስጥ ደሞ ከጥር 2020 ጀምሮ ከሴፕቲክ ታንክ በቀጥታ ወደ ጅረት ወይ ወንዝ መልቀቅ አይፈቀድም፣ ወይ መስመሩ ወደ መሬት እንዲሰርግ መቀየር ነው ወይ ትንሽ ማጣሪያ መሣሪያ መትከል ነው። የኛ ግምት 13,500 መጣ። ሴትዮዋ ሻጯ «40 ዓመት እንደዚህ ነው የኖርነው» አለች፣ አምናታለሁ፣ ታች ያለው በግ የሚጠጣው ውሃ ግን አሳዘነኝ።

ሁለት ነገር ደሞ ሰርቬየሩ በአንድ አንድ መስመር ብቻ ጽፎ ያለፋቸው አሉ፣ እኔ ብሆን በትልቁ እጽፋቸው ነበር። አንዱ ሬዶን ነው። ከመሬት የሚወጣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው፣ የሳንባ ካንሰር ያመጣል፣ ደርቢሻየር ደግሞ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ሁለት ትንንሽ መለኪያ ሳሎንና መኝታ ቤት አስቀምጠህ ሦስት ወር ትጠብቃለህ፣ ከመግዛትህ በፊት ጊዜ አይኖርህም፣ ስለዚህ ሶሊሲተራችን (የግዢውን ሕጋዊ ጉዳይ የያዘችልን ጠበቃ) ከሻጭ ብር ላይ 2,000 ፓውንድ ውጤቱ እስኪመጣ እንዲያዝ አደረገች። ሁለተኛው ማዕድን ነው። ያ አካባቢ ከሮማውያን ጀምሮ እርሳስ ሲቆፈርበት የኖረ ነው (የሚጻፍበት እርሳስ አይደለም፣ ብረቱ)፣ ዊርክስዎርዝ የምትባል ከተማ ውስጥ እስካሁን የእርሳስ ቆፋሪዎች ፍርድ ቤት አለ፣ በየሜዳው በሺህ የሚቆጠር የተዘጋና ያልተዘጋ ጉድጓድ አለ። ሶሊሲተሮች የለመዱት የድንጋይ ከሰል ሰርች (ከሰል የተቆፈረበት ቦታ እንደሆነ የሚጣራበት) ስለ እርሳስ ምንም አይነግራችሁም፣ ለብቻው መጠየቅ አለበት። የኛ ንጹህ መጣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ድርድሩን ባጭሩ። እንግሊዝ ውስጥ ኮንትራት እስኪለዋወጡ ድረስ ማንም በማንም አይታሰርም፣ ስለዚህ ሰርቬይ በእጅ ይዞ ዋጋ መከለስ ነውር አይደለም። ሪፖርቱን እንዳለ አትላኩ፣ ብዙ ሰው 83 ገጽ ልኮ «ቀንሱልን» ይላል፣ አይሠራም። እኛ ከሪፖርቱ ሦስት ገጽ፣ የጣራ ሠሪውን ዋጋ፣ የታንኩን ዋጋ ብቻ ላክን። 25,000 ጠየቅን፣ ኤጀንቱ ሁለት ሳምንት አኮረፈ፣ በ17,000 ተስማማን። 341,000። የ1,150ው ወሬ ከዛ ቀን በኋላ ቤታችን ውስጥ አልተነሳም፣ እኔም አላነሳሁበትም (ሁለቴ ብቻ)።

ያመለጠውስ? አለ። በ2025 መጋቢት ገባን፣ ሚያዝያ ላይ ወጥ ቤቱን ስናሳድስ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ጂፕሰም ቦርድ ስናነሳ ከመስኮቱ በላይ ግድግዳውን የሚሸከመው እንጨት በጣት የሚፈረፈር ሆኖ አገኘነው። ከነመስኮቱ 1,900 ወጣ። ተናድጄ ልደውል ስል እስቲ መጀመሪያ ላንብብ አልኩና አገኘሁት፣ ገጽ 61፣ «የወጥ ቤቱ ግድግዳ በቦርድ የተሸፈነ ስለሆነ ከጀርባው ያለው እንጨት አልታየም፣ በዚህ ዘመን ቤቶች ከድንጋዩ ጀርባ የእንጨት ሊንቴል መኖሩ የተለመደ ነው፣ ሊበሰብስ ይችላል»። ጽፎታል ሰውዬው! ስለ ምንጣፍ ማንሳት አለመቻል ከሚያወራ አንቀጽ ሥር ቀብሮ። ሰርቬየር ምንጣፍ አያነሳም፣ ግድግዳ አይበሳም፣ ዕቃ አይገፋም፣ ቤቱ የሰው ነውና። ስለዚህ «አልታየም» የሚለውን ሁሉ ሃይላይተር ይዛችሁ ለብቻው አውጡት፣ ከቀዩ በላይ የሚያስፈራው እሱ ነው።

ከአምስት ስንት ትሰጪዋለሽ ካላችሁኝ፣ ለሰውየው አምስት፣ ለስልኩ አምስት፣ ለወረቀቱ ሦስት፣ እሱም ስለ ግድግዳው ለጻፋቸው አራት ገጾች ስል ነው። ኮንዶ ወይም የ10 ዓመት ቤት ለምትገዙ ይህን ያህል አታውጡ፣ ሌቭል 2 ይበቃችኋል። ድንጋይ፣ ገጠር፣ አሮጌ ከሆነ ግን ከመጋረጃና ሶፋ በጀት ላይ ቀንሳችሁ አሠሩ።

አሁን የት ደረስን ለምትሉ፣ የሬዶኑ ውጤት እርምጃ ውሰዱ ከሚባልበት ወሰን (200 ቤክሬል በሜትር ኩብ) አለፈ፣ ከወለሉ ሥር አየር እየሳበ የሚያወጣ ፋን በተያዘው ብር ተገጠመ። አፈሩ ተነስቷል። ኖራ ውርጭ ስለማይወድ ግንበኛው ግንቦትን ጠብቆ መጣ፣ የጎኑን ግድግዳ ሲሚንቶ በመሮና በመዶሻ ሲያወጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። አባዬን በቪዲዮ አሳየሁት፣ ስልኩን ዓይኑ ላይ ለጥፎ ነው የሚያየው፣ ግንበኛው እርጥብ ጆንያ ግድግዳው ላይ ሲያለብስ «ይሄ ሰው ያውቃል» አለ፣ ከዛ ውፍረቱ ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ። መስኮቱ ላይ ክንዴን ዘርግቼ ለካሁለት፣ ክንድ ሆኖ ትንሽ ተረፈ።

«ጥሩ ነው» አለኝ፣ «ባለቤትሽን ስጪኝ እስቲ።»